ስንት ጎማ ነበረው?

አውሮፕላኑማ አለቀ፤ ሦስት ዓመት ሆነው፤
ከመስተዋት ሥር ነው፣ አቧራም አልነካው።
ክንፉ የጣት ያህል፣ ጥርት ያለ ቀለሙ፣
በመርፌ ጫፍ ጽፎታል ቁጥሩን ከነስሙ።
ሰው ሲጠይቀኝ «አበቃ» እላለሁ፤
ታይስቶ ግን አላበቃም፤ ባሌን አውቀዋለሁ።

ሌላው ሰው ጀቱን ይወዳል፣ ክንፉን፣ አፍንጫውን፤
የኔው ሰው የሚወድ ከጎማው ሥር ያለ ታኮውን፣
መሰላሉን፣ ባልዲውን፣ የበረዶ መጥረጊያውን።

አንድ ፎቶ አለችው፣ ጥቁርና ነጭ፤
ሮቫኒዬሚ ሜዳ፣ ውርጩ ሲያፏጭ፤
ከጅራቱ ኋላ፣ ከጥላው ዳር ላይ
ግማሽ ጋሪ ቆሟል፣ ግማሹ ሳይታይ።
አንድ ጎማ፣ አንድ በርሜል፣ ቧንቧ ከሸራ፣
ጓንት የለበሰ እጅ፣ የማን እንደሆነ የማይጣራ።

የሞተር ማሞቂያ ነው። ዘይት እንደ ሰም ሲረጋ፣
ሌሊቱ አልነጋ ሲል፣ ቢነጋም ሳይነጋ፣
ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ፣ ትኩስ እየተፋ
ሞተር የሚያባብል፣ እንቅልፉ እስኪጠፋ።
አብራሪውን ሁሉ በስሙ ያውቁታል፤
ጋሪውን ማን ገፋው? ማንስ ጽፎለታል?
የታይስቶ ጥያቄ እንዲህ ትንሽ ናት፦
ስንት ጎማ ነበረው? ሁለት ነው? አራት?

ለመዝገብ ቤት ጻፈ፣ ለሙዚየም ጻፈ፤
መልስ ሲጠባበቅ ሁለት ክረምት አለፈ።
«ስለጠየቁን ደስ ብሎናል፤ ሥዕሉ ግን የለም፤
የመሰላሉ አለን፤ የጋሪው አይደለም።»
የመሰላሉን ላኩለት፤ ከአልጋችን በላይ ሰቀለው፤
ሠርጋችን የነበረበት ምስማር ነው የተቀበለው።

በአጉሊ መነጽር ጥላውን ሲለካ፣
«ይህ የጎማ ጥላ ነው!» ብሎ ሲፈካ፣
በማግስቱ «የለም፣ የዝንብ ኩስ ነው» ሲል ሰማሁ፤
እኔም ተለከፍኩ፤ ለምን እዋሻለሁ?
ገበያ ስወጣ፣ የሰው ተጎታች ሳይ
ጎንበስ ብዬ ጎማ እቆጥራለሁ፣ በጠራራ ፀሐይ።

ኋላ ሰው ጠቆመን፦ «መካኒክ ነው፤ ሬይኖ ይባላል፤
ሶዳንኩላ ጡረተኞች ቤት፤ ጆሮው ገና ይሰማል።»
ከኢማትራ ተነሣን፤ ጥድ፣ ጥድ፣ ሐይቅ፣ ጥድ፤
ቀን ሙሉ ነዳን፤ አጋዘን ዘጋብን መንገድ።

ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጠ፤
ፎቶዋን ተቀበለ፤ ረጅም ጊዜ አፈጠጠ።
ባሌ ብዕር ይዞ፣ ትንፋሹን አምቆ
«ጎማው...» ሲል፣ ሽማግሌው ከልቡ ሥቆ፦
«ሁለት። ደግሞ ሁለቱም አይገጥሙም።
አንዱ ከድንች ጋሪ ነው፤ የሌላውን አልናገርም።
ሥዕል? ማን ሣለለት? በአንድ ሌሊት ነው
ከተጣለ በርሜል እኛ የበየድነው።»
«ቀለሙስ?» «ትራፊ። የምግብ አዳራሹ በር
አረንጓዴ ነበር፤ እሱም አረንጓዴ ነበር።»

ከዚያ ቧንቧውን በጣቱ ዳበሰና ዝም አለ።
«እዚህ ላይ የሁላችን ካልሲ ተንጠልጥሎ ዋለ።
ሠላሳ ስድስት ከዜሮ በታች! መጀመሪያ ለእግራችን፣
ከዚያ ነበር ለጀቱ። እንዳትነግር ለአለቃችን።»
አለቃው ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ጓንቱ የማን እንደሆነ ባሌ አልጠየቀም፤
ሽማግሌው ግን ከዚያች እጅ ዓይኑን አልነቀለም።

ታይስቶ ስምንት ካልሲ ሠራ፣ ከሲጋራ ወረቀት፣
በወረንጦ ጫፍ፣ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶበት።
የሩዝ ፍሬ ግማሽ ናቸው፤ አንዱ ቀዳዳ አለበት።

ታምፔሬ ለውድድር ወሰድነው፣ በኅዳር፤
ዳኛው ባትሪ ይዞ ጎንበስ ቀና ሲል ነበር።
«ሥራው ድንቅ ነው» አለ፤ «ጎማው ግን አይመሳሰልም፤
ካልሲው ደግሞ» አለ፣ «ማስረጃ የለውም።»
ባሌ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው፤
«ለአለቃ እንዳትነግር» ተብሏል፤ ቃሉን ጠበቀው።

ሳጥኑ ጭኔ ላይ ነው፤ መንገዱ ጨልሟል፤
በየጉብታው ስምንት ካልሲ ይወዛወዛል።
«ማሞቂያውን ጨምረው» አልኩት፤ «እግሬን በረደኝ።»
ጫማዬን አወለቅኩ። ሳያየኝ ጨመረልኝ።